ከድሮኑ በፊት ላስቲኩ

«ልጄ ድሮን ያበራል» ብሎ የሚኮራ አባት ሲያጋጥመኝ ዝም እላለሁ። ዝምታዬ ግን የስምምነት አይደለም። ልጁ የሚሠራው ሥራ ሁለት ማንሻ በአውራ ጣቶቹ መግፋት ነው፤ የሚያበረው ውስጡ የተቀመጠው ጋይሮና ኮምፒውተር ነው። ነፋስ ቢገፋው ኮምፒውተሩ ይመልሰዋል። ሚዛኑ ትንሽ ቢዛባ የሞተሮቹን ፍጥነት ከፍና ዝቅ አድርጎ ያቃናዋል። ልጁ እጁን ቢያነሳ እንኳ ባለበት አየር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ድንቅ ሥራ ነው፤ የፈጠሩትን መሐንዲሶች አደንቃለሁ። ልጁ ግን ስለ በረራ ምን ተማረ? አውሮፕላን ለምን እንደሚወድቅ ያላየ ሰው ለምን እንደሚበር በምን ያውቃል?

እኔ በሙያዬ የአውሮፕላን ጥገና ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ተምሬ፣ እዚያው ሠርቼ፣ ኋላም ሜሪላንድ መጥቼ በዚያው ሙያ እንጀራዬን እየበላሁ ፀጉሬ ሸበተ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ልጆች በላስቲክ የሚበር አውሮፕላን ሲሠሩ አግዛለሁ። የገባሁበት የእህቴ ልጅ ለሳይንስ ኦሊምፒያድ በተመረጠች ጊዜ ነው። ሳይንስ ኦሊምፒያድ የአሜሪካ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቡድን የሚወዳደሩበት መድረክ ነው፤ ከብዙ ዘርፎቹ መካከል በአንዳንድ ዓመት ብቅ፣ በሌላው ዓመት ጥፍት የሚለው አንዱ ይህ የላስቲክ አውሮፕላን ነው። እሷ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እኔ ግን እዚያው አዳራሽ ቀረሁ።

ላላየ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ክንፉና ጅራቱ የሚሠሩት ከባልሳ ነው፤ በብዛት ከኢኳዶር የሚመጣ፣ እጅ ላይ አርፎ ያረፈ የማይመስል እንጨት ነው። በምላጭ በቀጭን በቀጭኑ ተሰንጥቆ፣ በጠብታ ሙጫ ተያይዞ፣ እጅግ ስስ በሆነ ፕላስቲክ ይለበሳል። ከፊት ፕሮፔለር አለ፤ ከፕሮፔለሩ መንጠቆ እስከ ኋለኛው መንጠቆ አንድ የላስቲክ ቀለበት ይዘረጋል። በቃ። ባትሪ የለውም፣ ሪሞት የለውም። ላስቲኩ ተጠምዝዞ ሲለቀቅ አዳራሹን እየዞረ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ላይ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚያዘው የለም፤ ይዞት የሚሄደው ሠሪው አስቀድሞ ያበጀለትን ብቻ ነው።

ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ ብዙ ስለማይበልጥ ልጆቹ ከሥሩ እየተራመዱ ይከተሉታል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ዝግታው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ጋር ኖሬያለሁ፤ አንድ ክንፍ ሰምጦ ሲመለስ፣ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ብሎ ፍጥነት ሲያልቅና ስቶል የምንለው ነገር ሲከሰት ከሥሩ ቆሜ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በዓይኔ ያየሁት ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው። መጽሐፍ ላይ በቀስትና በፊደል የተሳሉት ኃይሎች በሙሉ ከራስህ በላይ በዝግታ ያልፋሉ።

ለምሳሌ ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ አካሉም በአጸፋው ወደ ግራ መጠማዘዝ ይፈልጋል። ስለዚህ የአዳራሽ አውሮፕላን ክቡን ወደ ግራ እንዲዞር ይደረጋል፤ የግራው ክንፍ እንዳይሰምጥም ከቀኙ በጥቂቱ ቀና ተደርጎ ይጣመማል። ይህን ለልጅ በቃል ብትነግረው «የኒውተን ሦስተኛ ሕግ» ብሎ ደብተሩ ላይ ጽፎ ለፈተና ይይዘዋል፤ ከፈተናው በኋላ የለም። እዚህ ግን ላስቲኩን ከወትሮው አብዝታ የጠመዘዘች የሰባተኛ ክፍል ልጅ አውሮፕላኗ በግራ ጎኑ ተደፍቶ ወለሉን ሲመታ ታያለች።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?» ትለኛለች።

«ምን ለወጥሽ?» እላታለሁ።

ቅዳሜዬ የሚያልቀው ይህን ጥያቄ ስደጋግም ነው። መልሱ ደብተሯ ላይ መኖር አለበት፤ ስንት ዙር እንደጠመዘዘች፣ ስንት ዙር መልሳ እንደፈታች፣ የክንፉ የፊት ጠርዝ በስንት ሚሊ ሜትር ከፍ እንዳለ፣ ስንት ሰከንድ እንደበረ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከለወጠች የትኛው እንዳበላሸው ማወቅ አትችልም፤ ስለዚህ አንዱን ትመልሳለች። ውድድሩም ቢሆን የበረራ መዝገብ ያቀርቡ ዘንድ ይጠይቃቸዋል። በእኛ ሙያ ያልተጻፈና ያልተፈረመበት ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ እኔ ይህንን የተማርኩት ሃያ ዓመት አልፎኝ፣ ከአለቃ ቁጣ ጋር ነው። እነዚህ ልጆች በአሥራ ሁለት ዓመታቸው፣ ማንም ሳይቆጣቸው፣ አውሮፕላኑ ራሱ እያስገደዳቸው ይለምዱታል።

ላስቲኩ ደግሞ የራሱ ትምህርት ቤት ነው። በሲሊኮን ዘይት ይቀባል። አንዱ ልጅ ጫፉን ይይዛል፤ ሌላዋ በጥርሳም ማርሽ የሚሠራውን መጠምዘዣ ይዛ ወደ ኋላ እየራቀች የላስቲኩን ርዝመት አምስት እጥፍ ያህል ትወጥረዋለች። እንደተወጠረ መጠምዘዝ ትጀምራለች፤ ዙሩ ሲበዛ በትንሽ በትንሹ ወደ ፊት ትጠጋለች። ሲያበቃ ላስቲኩ ከዳር እዳር ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ እንደ ብረት ይደርቃል። አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስባል፤ ብዙ ኃይል ካለ ብዙ ይበራል። ይለቀዋል፤ አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጥቶ ከጣሪያው ብረት ጋር ይጋጫል፣ ወይም ከቅርጫት ኳሱ ሰሌዳ ጀርባ ገብቶ ይቀራል። ልምድ ያላቸው ግን እስከ ጥጉ ከጠመዘዙ በኋላ የተወሰነ ዙር መልሰው ይፈታሉ፤ ላስቲክ መጀመሪያ ላይ ኃይለኛ ነው፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ እኩል ሆኖ ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ ይደክማል፤ ያንን የመጀመሪያውን ጉልበት ትቀንስለትና ጣሪያ ሳይነካ ከሥሩ እንዲንሳፈፍ ታደርገዋለህ። ወፍራም ላስቲክ በጉልበት ያወጣል ግን ዙር አይዝም። ቀጭኑ ብዙ ዙር ይይዛል ግን ከወለል ለማንሳት ይለግማል። ለዚህ አዳራሽ፣ ለዚህ ጣሪያ፣ ለዚህ ክንፍ ልኩ የቱ ነው? መልሱን የሚያውቅ አስተማሪ የለም። እኔም አላውቅም፤ እንሞክራለን።

ተማሪዎቹ የሚሠሩት ጥቂት ግራም የሚመዝን ነው። የዓለም ሻምፒዮና የሚደረግበት ኤፍ-አንድ-ዲ የተባለው ክፍል ግን ሌላ ዓለም ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ55 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ አውሮፕላኑ ያለ ላስቲኩ ከ1.4 ግራም ማነስ የለበትም፤ ላስቲኩ ደግሞ ከ0.4 ግራም መብለጥ አይችልም። በዚያች ላስቲክ ወደ ግማሽ ሰዓት ይበራሉ። አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ የተማረ ሰው ያስላው፤ ያን ያህል ጥሩ ላስቲክ ቢበዛ የሚይዘው አራት ጁል ገደማ ነው፤ አንድ ግማሽ ሊትር ውሃ ከወለል አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ የሚፈጀው ጉልበት ማለት ነው። ያንን ለግማሽ ሰዓት ብታካፍለው ሁለት ሚሊ ዋት ይደርሳል። ፕሮፔለሩ በሰከንድ አንድ ዙር ገደማ ብቻ ስለሚዞር ቅጠሎቹን መቁጠር ትችላለህ። ልባሱ ከአንድ ማይክሮን በታች የሆነ ፕላስቲክ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ደግሞ ፈሳሽ ቫርኒሽ ውሃ ላይ አንጠባጥበው፣ ሲሰፋና ሲረጋ በሽቦ ቀለበት ከውሃው ላይ እያነሱ ራሳቸው ይሠሩት ነበር።

ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አየሩ የሞተ መሆን አለበት። ስለዚህ የት ይሄዳሉ መሰላችሁ? የድሮ የአየር መርከብ ሃንጋር ውስጥ፣ የትልልቅ ሕንፃዎች ጉልላት ሥር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሮማኒያ ውስጥ ስላኒክ ከተማ ያለው የጨው ማዕድን ነው። 208 ሜትር ከምድር በታች ነው፤ የጣሪያው ከፍታ 54 ሜትር ይደርሳል፤ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ 12 ዲግሪ ላይ ይቆያል። የዓለም ሻምፒዮናው ደጋግሞ የተደረገው እዚያ ነው። አውሮፕላን ለማብረር ወደ ምድር ሆድ መውረድ! ወደ ግድግዳ የሚጠጋባቸውን አውሮፕላን ደግሞ በክር በታሰረ የሂሊየም ፊኛ ቀስ አድርገው ገፋ ያደርጉታል፤ ደንቡም ይፈቅድላቸዋል። ጎልማሶች ፊኛ ይዘው፣ ቀና ብለው፣ ትንፋሻቸውን እየቆጠቡ ሲራመዱ የሚያሳይ ፊልም ለልጆቹ ሳሳያቸው ይስቃሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያያሉ።

ይህ ሁሉ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ካለ ወደ ታሪኩ ይመለስ። አልፎንስ ፔኖ የሚባል የ21 ዓመት ፈረንሳዊ፣ የዳሌ ሕመም ያለበት ወጣት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1871 ፓሪስ ቱዊለሪ የአትክልት ሥፍራ ውስጥ በላስቲክ የሚሠራ ትንሽ አውሮፕላን ሰው ፊት አበረረ። 11 ሰከንድ፣ 40 ሜትር ገደማ። የክንፉን ጫፎች ወደ ላይ አጥፎ፣ ጅራቱን ከክንፉ ባነሰ ማዕዘን አስቀምጦ፣ ያለ አብራሪ ራሱን የሚያቀና አውሮፕላን እንዴት እንደሚሠራ አሳየ። ልጆቻችን አዳራሽ ውስጥ የሚለኩት ማዕዘን ያው ነው። ፔኖ በ30 ዓመቱ ራሱን አጠፋ፤ ትልቁን አውሮፕላን የሚሠራበት ገንዘብ የሚሰጠው አላገኘም ነበር። ከመሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ አሜሪካ ውስጥ ሚልተን ራይት የተባለ ጳጳስ በፔኖ ሥራ ላይ የተመሠረተች፣ ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራች፣ በላስቲክ የምትበር አሻንጉሊት ለሁለት ልጆቹ ይዞ ገባ። ዊልበር 11 ዓመቱ፣ ኦርቪል 7 ዓመቱ ነበር። «የሌሊት ወፍ» አሏት። ስትሰበር ራሳቸው ሠሩ፤ ከፍ አድርገው ሲሠሩ ግን ትልቋ ከትንሿ ያነሰ መብረሯን አዩ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባቸውም፤ ነገሩ ግን ከአእምሯቸው አልወጣም።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1929 ነው። ከፔኖ በረራ 58 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ወር በዚያው ቀን። አጋጣሚ ነው፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ወገኖቼ ልመለስ። አንድ ወንድማችን፣ ልጁን ለመውሰድ በጊዜ የደረሰ አባት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥቂት ካየ በኋላ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ ነገር ሥራ ያስገኛል?» አለኝ። አልተቆጣሁም፤ ሁለት ሥራ እየሠራ ልጅ የሚያሳድግ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ ያስመሰግነዋል። በአካባቢያችን ወላጅ ለሮቦት ኮርስ፣ ለኮዲንግ ካምፕ ብዙ መቶ ዶላር ይከፍላል፤ ልጁ ከፋብሪካ የወጣ ክፍል ከክፍል አገጣጥሞ፣ ሥዕሉ ላይ እንዳለው አድርጎ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ ይመጣል። ኮዲንግ ይቅር አልልም። የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ስሕተቱን የሚሸፍንለት መሣሪያ ከመያዙ በፊት ልጁ የማይሸፍንለት አንድ ነገር በእጁ ይሥራ። የድሮን ሶፍትዌር የሚጽፉት ሰዎች እኮ ያ ሶፍትዌር ምን እንደሚያቃና ያውቃሉ፤ ጠማማ ክንፍ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቁ አልጻፉትም። ለዚያ አባት ያልኩት ባጭሩ፦ «ሥራ ማስገኘቱን አላውቅም፤ ሥራ ያስለምዳል።» ያመነኝ አልመሰለኝም። ልጁን ግን በቀጣዩ ቅዳሜም አመጣው።

ከማያምኑት ይልቅ የሚያስቸግሩኝ ከልክ በላይ የሚያምኑት ናቸው። ማታ ማታ ልጁን አስተኝቶ ክንፉን ራሱ የሚሠራ አባት አለ። ልጇ ጫፉን ሳይነካው በሌዘር የተቆረጠ ዝግጁ ዕቃ አዝዛ፣ ሙጫውንም እሷው አድርጋ የምታመጣ እናት አለች። ዝግጁው ዕቃ ለመጀመሪያው አውሮፕላን አይከፋም፤ ልጅ ሲሳካለት ማየት አለበት። ሁለተኛው ግን ከእንጨትና ከምላጭ ይጀምር። ልጁ ባልሳውን ራሱ በሚዛን መዝኖ ቀላሉን ከከባዱ ይለይ፤ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ሁለት እንጨቶች ክብደታቸው እጥፍ ሊለያይ እንደሚችል ራሱ ይድረስበት። ምላጩ ጣቱን ይቆርጠው ይሆናል፤ ፕላስተር አለን። በውድድሩ ቀን ወላጅም ሆነ አሠልጣኝ ወደ ማብረሪያው ሜዳ አይገባም፤ ልጆቹ ብቻቸውን ጠምዝዘው፣ ብቻቸውን ለቀው፣ የተሰበረውን ብቻቸውን ይጠግናሉ። ከደንቦቹ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ያን ቀን አባት የሠራው ክንፍ ከነባለቤቱ ይታወቃል።

አገር ቤትም ይህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ባለፈው ለእረፍት ስሄድ ከአዳራሹ አውሮፕላኖች ሁለቱን በካርቶን ሳጥን አሽጌ ይዤ ገባሁ። ጉምሩክ ላይ ሳጥኑን የከፈተው ወጣት «ምንድን ነው?» ሲለኝ «አውሮፕላን» አልኩት፤ ሳቀና በሁለት ጣቱ ክዳኑን መለሰው። አንድ ዘመዴ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ለቀቅናቸው። ሜሪላንድ ላይ አስተካክዬ የተውኩት አውሮፕላን ፈጠን ብሎ፣ ክቡን ሰፋ አድርጎ በረረ፤ ቶሎም ወረደ። ልጆቹ «ለምን?» አሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ውስጥ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከአሥር በመቶ በላይ መፍጠን አለበት፤ ለዚያም ጉልበቱን ቶሎ ይጨርሳል። ዕቃ የሞላ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ረጅም መንደርደሪያ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው አልኳቸው። ስለ ቦሌ ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ለእነሱ ክንፉን ትንሽ ሰፋ፣ አካሉን ይበልጥ ቀለል ማድረግ ያስፈልጋል፤ የባሕር ዳርቻ ልጆች ያላገኙት የቤት ሥራ ነው።

ባልሳ መርካቶ ሄደው የሚገዙት ነገር አይደለም። ቀርከሃ ግን አለ፤ በቢላ ተሰንጥቆ እስከፈለጉት ድረስ ይሳሳል፣ በሻማ ሙቀት ይታጠፋል። የራይት ወንድማማቾች አሻንጉሊትም በከፊል ቀርከሃ ነበረች። ክብደቱ ከባልሳ ስለሚበልጥ በረራው ያጥራል፤ ይጠር፤ ሁሉም በአንድ ዕቃ ከተወዳደረ ሰዓት ያዡ እኩል ይዳኛል። ልባሱ ስስ ፕላስቲክ፣ ላስቲኩ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ተቀጣጥሎ ሊሆን ይችላል። ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርተው በየሰፈሩ የሚነዱ ልጆች ያሉበት አገር ነው፤ የጎደላቸው እጅ አይደለም። የጎደለው አንድ የፊዚክስ መምህር፣ አንድ ሚዛንና ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ነፋስ የማይገባበት አዳራሽ ነው። ሚኒስቴሩ መመሪያ እስኪያወጣ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ከሰጠ ይበቃል።

እዚህ ላለነው ደግሞ ጥያቄዬ ቁርጥ ያለ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ የምታስተምሩ የአብያተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ማዕከላት ኮሚቴዎች፣ አዳራሽ አላችሁ። ልጆቹ ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ለሁለት ሰዓት ስጡን። ወንበሩን ራሳችን እናነሳለን፣ ራሳችን እንመልሳለን። እንጨቱንና ላስቲኩን እኔ አመጣለሁ፤ ለአንድ ልጅ የሚወጣው ከአንድ ክትፎ ዋጋ አይበልጥም። ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን የሚነፋውን ማሽን አጥፉልን፣ በሩንም እየከፈታችሁ አትግቡብን። ቡና ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ በጎን በር ግቡ፤ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ።